ሰውን በሌለበት

የዘመቻ ታሪክ ከሚያወጉ አዛውንት ጉልበት ሥር ያደገ ሰው ሳይነገረው የሚያውቀው ነገር አለ። ጦርነቱ በየዓመቱ ይሰፋል። በመጀመሪያው ዓመት ኮረብታ የነበረው በሦስተኛው ዓመት ተራራ ይሆናል፤ ጠላቱ ይበዛል፣ ወንዙ ይሞላል፣ ጥይቱ ያልቃል። አድማጩም ይህንኑ እያወቀ ዝም ይላል። የመጣው ሬሳ ሊቆጥር ሳይሆን ሽማግሌውን ሊሰማ ነውና።

ይህን ያነሳሁት ስለ እውነተኛ ዘማች ልጽፍ ፈልጌ አይደለም። የምጽፍለት ሰው አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ጠመንጃ ጨብጦ የማያውቅ፣ ኑሮውን ኮምፒዩተር በመጠገን የሚገፋ የቤቴል ልጅ ነው። ይሁንና «አንጋፋው» እያሉ የሚጠሩት አሉ። አንጋፋነቱ በኢንተርኔት በሚካሄድ የጠፈር ጦርነት ጨዋታ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እዚያው ቤቴል ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለች ጀበና ቡና ቤት ውስጥ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ለሁለት ወጣት ዘመዶቹ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ትዝታ ሲያወጋ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ይሰማሉ። እኔ ደግሞ ሲኒዬን ይዤ፣ የሚያወራውን ዘመን አብሬው የኖርኩ ሰው በመሆኔ፣ ምን እንደጨመረና ምን እንደተወ እየለየሁ አዳምጣለሁ።

በሥነ ጽሑፍ ገጽ ላይ ስለ ኮምፒዩተር ጨዋታ መጻፍ አንዳንድ አንባቢን ሊያስቆጣ እንደሚችል አላጣሁትም። «ልጆቻችን የሚደነዝዙበት መሆኑ ሳያንስ አሁን ደግሞ ሒስ ይጻፍለት?» የሚል ድምፅ ከወዲሁ ይሰማኛል። ቁጣው መሠረት የለውም አልልም። ነገር ግን ሰዎች ዓመታቸውን ያፈሰሱበት፣ የተጣሉበትና የታረቁበት፣ ከሃያ ዓመት በኋላም በቡና ላይ የሚያወጉት ነገር ሒስ ሊነፈገው አይገባም። ደግሞም የምተቸው ጨዋታውን ብቻ አይደለም፤ ትዝታውን ጭምር ነው። የወዳጄ ወግ መጽሐፍ ሆኖ ቢታተም እንደምናነበው ላነበው እፈልጋለሁ።

ጨዋታው «ኦጌም» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2002 በጀርመን አገር፣ ካርልስሩኸ በምትባል ከተማ የተጀመረ ነው። ኮምፒዩተር ላይ የሚጫን ነገር የለውም፤ ተራ የኢንተርኔት ገጽ ተከፍቶ፣ ስምና የይለፍ ቃል ተሰጥቶ ይገባል። ለገባው ሰው አንዲት ፕላኔት ትሰጠዋለች። ከእሷም ብረት፣ ክሪስታልና ዲዩቴሪየም የተባለ ነዳጅ ያወጣል፤ ባወጣው መርከብ ይሠራል፤ በሠራው መርከብ የጎረቤቱን ብረት ይዘርፋል። ሰማዩ በ9 ጋላክሲ የተከፈለ ነው፤ አንዱ ጋላክሲ 499 ሥርዓተ ፀሐይ አለው፤ አንዱ ሥርዓተ ፀሐይ 15 ፕላኔት ይይዛል። ቢባዛ 67,365 ቦታ ይሆናል። ሰፊ ሰማይ ነው፤ ግን እያንዳንዱ ቦታ እንደ ቀበሌ ቤት ቁጥር አለው። እኛ «ጠፈር» የሚለውን ቃል ያገኘነው ከኦሪት ዘፍጥረት ነው፤ እዚያ ጠፈር ማለት ውኃን ከውኃ የሚለይ ጣሪያ ነበር። የጀርመኖቹ ጠፈር ግን ጣሪያም ባዶነትም አይደለም፤ መዝገብ ነው።

በትምህርት ቤት በተማርነው መለኪያ ብንለካው ውጤቱ አያኮራም። ገጸ ባሕርይ የለውም። ሥዕሎቹ በዚያን ጊዜ ከፖስታ ቴምብር የማይበልጡ ነበሩ። ቋንቋው የንብረት ክፍል ጸሐፊ ቋንቋ ነው፤ ይህን ያህል ገቢ፣ ይህን ያህል ወጪ፣ ቀሪ ይህን ያህል። ጦርነቱ እንኳ አይታይም። ኮምፒዩተሩ ቢበዛ እስከ ስድስት ዙር አስልቶ ማን እንደሞተ የሚገልጽ ዘገባ ይልካል። መቼት አለ፤ ሴራ የለም።

እዚህ ላይ አማርኛችን አንድ ነገር ያቀብለናል። በሒስ ቋንቋ «ሴራ» ስንል የድርጊቶችን በምክንያትና በውጤት መያያዝ ማለታችን ነው። በመንገድ ቋንቋ ደግሞ ሴራ ተንኮል ነው፤ በስውር የሚጎነጎን ነገር። ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ቃል ማደራቸው ተማሪ ሳለሁ ግር ይለኝ ነበር። ኦጌምን ሳስብ ግን ግርታው ይለቀኛል። ጨዋታው በመጀመሪያው ትርጉም ሴራ ስለሌለው ተጫዋቾቹ በሁለተኛው ትርጉም ሴራ ሞሉበት። ታሪክ ያገኘውም ከዚያ ነው።

ጨዋታው የተካነበት አንድ ጥበብ ግን አለ፤ እሱም ጊዜ ነው። በዚህ ረገድ ከብዙ ልብ ወለድ ይበልጣል እላለሁ። መርከብ ላክ የተባለ መርከብ በእውነተኛ ሰዓት ይጓዛል። አርባ ደቂቃ ከሆነ አርባ ደቂቃ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሆነ ዘጠኝ ሰዓት። ተጫዋቹ ኮምፒዩተሩን ዘግቶ ራቱን ይበላል፣ ይተኛል፣ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ መርከቡ ይጓዛል። የጠላቱም መርከብ እንዲሁ። «ቆይ፣ ጉዳይ አለብኝ» የሚባልበት ጨዋታ አይደለም። እንግዲህ ተጫዋቹ ሲተኛ መርከቦቹ ፕላኔቱ ላይ ቆመው ከተገኙ ያልተኛ ሰው መጥቶ ይሰባብራቸዋል። ከወደሙት መርከቦች ብረትና ክሪስታል 30 በመቶው ስብርባሪ ሆኖ ሰማይ ላይ ይንሳፈፋል፤ ቀድሞ የደረሰ ይለቅመዋል። ፕላኔቱ ላይ ከተከማቸውም እስከ ግማሽ ድረስ ይዘረፋል። ስለዚህ የጨዋታው ዋነኛ ብልሃት መዋጋት ሳይሆን መደበቅ ነው። ተጫዋቹ ከመተኛቱ በፊት መርከቦቹን ሀብቱን ጭኖ ወደ ሩቅ ቦታ ይሰዳቸዋል፤ በአየር ላይ ያለ መርከብ አይመታምና። የሚመለሱትም እሱ ኮምፒዩተሩ ፊት በሚቀመጥበት ደቂቃ እንዲሆን አድርጎ ያሰላል። እኛ ይህን «ማሳደር» እንለው ነበር፤ ከብት እንደሚታደር።

አሁን ይህን ብልሃት ወደ 2001 ዓ.ም. ቤቴል አምጡት። ኢንተርኔት ወደ አገራችን ለሕዝብ አገልግሎት ከገባ፣ ማለትም ከ1989 ዓ.ም. ወዲህ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። በየቤቱ ግን አልነበረም። እኛ የምንጫወተው ስድስት ኮምፒዩተር ባለው አንድ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ነው፤ ሒሳቡ በደቂቃ ይቆጠራል። ገጹ ሲከፈት ከላይ ወደ ታች እንደ መጋረጃ ቀስ እያለ ይወርዳል። በዚያ ፍጥነት ሌላ ጨዋታ የሚታሰብ አልነበረም፤ ኦጌም ሠንጠረዥና ጽሑፍ ስለሆነ ብቻ ይቻል ነበር። ድህነታችንና የጨዋታው ድህነት ተገጣጠሙ ማለት ነው። በዚያ ላይ በዚያ ዓመት መብራት በፈረቃ ነበር። የሰፈራችን ተራ ባልሆነ ቀን፣ መርከብ ያሳደረ ሰው ወደ አየር ጤና ወይም ወደ ጦር ኃይሎች በእግሩ ይነጉዳል፤ መብራት ያለበት ቤት እስኪያገኝ። ጀርመን ወይም ፖላንድ ያለው ተጫዋች አልጋው ላይ ሆኖ የሚሠራውን እኛ በሁለት ሰፈር አቋርጠን እንሠራ ነበር። ወዳጄ ለልጆቹ ይህንን ሲያወራ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ እውነት ነውና።

ሰዓቱ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉድ ነበር። ጨዋታው የሚቆጥረው በአውሮፓ ሰዓት ነው። በክረምታቸው ከእኛ በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራሉ። የእጅ ስልካችን የሚያሳየው ሌላ፣ አፋችን የሚናገረው ሌላ። ጨዋታው 17:00 ሲል፣ ስልኩ 19:00 ይላል፣ እኛ ከምሽቱ አንድ ሰዓት እንላለን። ሦስቱን ለማስታረቅ ሁላችንም ወረቀት እንይዝ ነበር፤ የጨዋታው ሰዓት በአንድ በኩል፣ የእኛው በሌላ በኩል። እነዚያን ወረቀቶች ብናስቀምጣቸው ኖሮ የዚያ ትውልድ ጥሩ ሰነድ በሆኑ። በዛሬ ጊዜ ሁሉም ነገር ስልክ ውስጥ ስለሆነ የሰው ሒሳብ በጎረቤት ዓይን አይታይም። ያኔ ይታይ ነበር።

ወደ ትዝታው ልመለስ። ወዳጄ ጥሩ ተራኪ ነው። ፍሰቱን ያውቃል፣ የት እንደሚያዘገይ ያውቃል። ሆኖም ትረካው የአንጋፋ ትረካ ሕመም አለበት። «ያኔ ሰው በላቡ ነበር የሚጫወተው፤ ገንዘብ ከፍሎ መበልጸግ አልነበረም» ሲል አላስችል አለኝ። ነበር እንጂ! ከእኛ በፊት ጀምሮ «ኮማንደር» የሚባል ለከፋይ የሚሰጥ ልዩ መብት ነበረ። እኛ ያልከፈልነው ባንካችን የሚከፍል ካርድ ስላልሰጠን ነው። ዛሬ ንጽህና ብሎ የሚያወድሰው ያኔ ማጣት ነበር። ትዝታ ማጣትን ወደ ሥነ ምግባር ለመቀየር የሚደርስበት ፍጥነት ይገርመኛል፤ በስደት መጻሕፍት፣ በዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ወጎች፣ በወታደር ማስታወሻ ሁሉ ያው ነው። ቀጥሎም «ሁለት መቶ ባትልሺፕ ነበረኝ» አለ። ኮረብታው ተራራ ሆነ ማለት ነው። አሥራ ሁለት ነበሩ። አርባ ክሩዘርም ነበረው፤ እሱን ረስቶታል።

እንዲህ ያለው ትዝታ በሌላው ዓለም ወዴት እንደደረሰ ማየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2003 ሕዝቧ ከኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ነዋሪ በምታንሰው በአይስላንድ፣ ሲሲፒ የተባለ ኩባንያ «ኢቭ ኦንላይን» የሚባል ጨዋታ አወጣ። እዚህ ሁሉም ተጫዋች የሚኖረው በአንድ ሰማይ ሥር ነው። እኛ ያኔ ስለ ኢቭ የምናውቀው በወሬ ነው፤ በየወሩ በካርድ የሚከፈልበት ነበርና። ወዳጄ ሊገባበት የቻለው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2016 ያለ ክፍያ መጫወት ሲፈቀድ ነው። አሁንም ድረስ ይጫወተዋል።

ኢቭ ውብ ነው። ደመናውና ፀሐዩ እውነት የአርቲስት እጅ ያረፈበት ነው። ውበቱ ግን ሁለት ቀን ያስደምማል፤ ከዚያ በኋላ ያው የሒሳብ መዝገብ ይወጣል። ተጫዋቾቹ ራሳቸው በዚህ ይቀልዳሉ። ቀልዱን የኩባንያው ሰዎች እንደ ቁም ነገር ይዘውት እ.ኤ.አ. በ2022 ጨዋታውን ከማይክሮሶፍት ኤክሴል ጋር እንደሚያገናኙት አስታወቁ፤ ሕዝቡም በጭብጨባ ተቀበላቸው። ጠፈር ላይ የወጣ የሰው ልጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው የሒሳብ ሠንጠረዥ ከሆነ፣ ስለ ሰው ልጅ የሚነግረን ነገር አለ።

ሴራው ግን! እ.ኤ.አ. በ2005 የአንድ ቡድን አባላት ዓመት ገደማ ፈጅተው ሌላ ማኅበር ውስጥ ሰርገው ገቡ። ታማኝ መስለው ሹመት ተቀበሉ፤ የግምጃ ቤት ቁልፍ ያዙ። ቀኑ ሲደርስ የማኅበሩን መሪ መርከብ አጥፍተው ግምጃ ቤቱን አራቆቱት። የተወሰደው በእውነተኛ ገንዘብ ሲተመን ወደ 16,500 ዶላር እንደሚደርስ ተጽፏል። ኩባንያው ማንንም አልቀጣም፤ በደንቡ አልተከለከለምና። እንዲያውም ክህደት የሚቻልበት ሰማይ መሆኑ የጨዋታው መታወቂያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2014 ደግሞ አንድ ማኅበር ለያዘው ግዛት የሚከፈለው ክፍያ ሳይከፈል በመቅረቱ ብቻ ከ7,500 በላይ ተጫዋቾች የተሳተፉበት፣ ሃያ አንድ ሰዓት ገደማ የፈጀ ውጊያ ተነሳ። ታይታን ከሚባሉት ግዙፍ መርከቦች 75 ወደሙ። ጥፋቱ በዶላር ሲሰላ 300,000 ገደማ ተባለ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የኩባንያው ኮምፒዩተር ጭንቅንቁን ስለማይችል የጨዋታውን ጊዜ ራሱን ያዘገየዋል፤ እስከ አሥር በመቶ ድረስ። ወዳጄ ይህንን ሲሰማ «ታዲያ እኛ ቤቴል ሆነን ለምደነው የለም እንዴ!» ነበር ያለው።

የእነዚያ ተጫዋቾች ትዝታ በቡና ቤት አልቀረም። አንድሩ ግሮን የተባለ ጸሐፊ ተጫዋቾቹን እየጠየቀ የኢቭን ጦርነቶች ታሪክ አጠናቅሮ እ.ኤ.አ. በ2016 በመጽሐፍ አወጣው። ሬይክያቪክ ላይ የተጫዋቾቹ ስም የተቀረጸበት ሐውልት እ.ኤ.አ. በ2014 ቆመ። የኒው ዮርኩ ዘመናዊ ኪነ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2012 ከመረጣቸው አሥራ አራት የኮምፒዩተር ጨዋታዎች አንዱ ይኸው ኢቭ ነበር። ሙዚየሙ ግን ጨዋታውን እንዳለ ማሳየት ስላልቻለ በቪዲዮ አሳየው። በበኩሌ ይህ የሙዚየሙ ድክመት አይመስለኝም። ሥራው ያለው ማያ ገጹ ላይ ሳይሆን ሰዎቹ መካከል ነው፤ እሱ ደግሞ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም።

ሰዎቹ መካከል ስል ጥሩውንም ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 11 ቀን 2012 ቤንጋዚ ላይ ከአምባሳደሩ ጋር ከተገደሉት አሜሪካውያን አንዱ ሾን ስሚዝ ነበር። ሥራው የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሠራተኛነት፣ በኢቭ ውስጥም የታወቀ ሸምጋይና ዲፕሎማት ነው። መሞቱ ሲሰማ ተጫዋቾች፣ ጠላቶቹም ጭምር፣ የጠፈር ጣቢያዎቻቸውን በእሱ የጨዋታ ስም ሰየሙ። ለቅሶ ደረሱ ማለት ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እገባለሁ። ገበጣ ለመጫወት ሁለት ሰው ፊት ለፊት ይቀመጣል። ዳማም፣ ካርታም፣ ጆተኒም እንዲሁ ነው። የተበላው ሰው የበላውን ዓይን እያየ ይበላል። ይሰድበዋል፣ ይከራከረዋል፣ «እጅህን አንሳ፣ አጭበረበርክ» ይለዋል። የጨዋታው ሕግ የሚጠበቀው በመተያየት ነው። ኦጌም ይህንን ገለበጠው። እዚያ ለመብላት ባላጋራው መኖሩ ሳይሆን አለመኖሩ ነው የሚፈለገው። የተኛ፣ የተጓዘ፣ የታመመ፣ መብራት የጠፋበት ሰው ነው የሚበላው። ጥሩ ተጫዋች ማለት ሌላው መቼ እንደማይኖር የሚያውቅ ነው። እኛ ሰውን በሌለበት ማንሳት ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው፤ ሐሜት እንኳ ነውርነቱ ከውሸቱ ይልቅ ከዚህ የመጣ ነው፤ ባለቤቱ ቆሞ አይመልስምና። ይህ ጨዋታ በሌለበት መምታትን ብቸኛው መንገድ አደረገው። የምከሰው በዚህ ነው። የማደንቀውም በዚህ ነው ብል ራሴን የምቃረን ይመስላል፤ ግን ከጀመርኩ በኋላ ማቆም ያቃተኝ በዚሁ ምክንያት ነበር።

ወዳጄ ለልጆቹ ያወጋው የመጨረሻው ታሪክ ያንን አሥራ ሁለት ባትልሺፕ ያጣበት ቀን ነው። መጋቢት 20 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ እሑድ። ቅዳሜ ማታ መርከቦቹን አሳደረ። ገጹ የሚመለሱበትን ሰዓት 17:00 ብሎ አሳየው፤ እሱም እንደ ልማዱ ሁለት ሰዓት ደምሮ ወረቀቱ ላይ «ማታ 1» ብሎ ጻፈ። እሑድ ከእናቱ ጋር የታመሙ አክስቱን ሊጠይቅ ሰበታ ሄደ። ልክ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ኢንተርኔት ቤቱ ደረሰ። መርከብ የለም። አውሮፓውያን በመጋቢት የመጨረሻ እሑድ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደ ፊት እንደሚገፉ ማን ይንገረው? በዚያ ሌሊት ልዩነቱ ከሁለት ሰዓት ወደ አንድ ወርዶ ነበር። መርከቦቹ በእኛ አቆጣጠር አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተመልሰው አንድ ሙሉ ሰዓት ያለ ጠባቂ ቆሙ። «ጀርመኖች ሰዓት ቀየሩና በሉኝ» ይላል። ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። ትንሹ ግን ጠየቀ። «የመታህስ ማነው?»

«አንዱ ነዋ። ያኔ ብዙ ሰው ነበር» አለና ቡና እንዲጨመርልን ጠራ። ወደ እኔ አላየም።

የመታሁት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ማታ አጠገቡ ያለው ኮምፒዩተር ላይ ነበርኩ። ወረቀቱን አይቻለሁ። እሑድ ጠዋት ጨዋታውን ስከፍት ላይኛው ጥግ ያለው ሰዓት በአንድ ሰዓት ቀድሞ አገኘሁት፤ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። በአንድ መስመር የሚጠቀሙ ተጫዋቾች እርስ በርስ እንዳይዋጉ ደንቡ ይከለክላል፤ ስለዚህ ጦር ኃይሎች አካባቢ ወዳለ ሌላ ቤት በእግሬ ሄድኩ። ስብርባሪ ለቃሚ መርከቦችም አብሬ ላክሁ። ዕለቱ ገብር ኄር ነበር፤ የታማኙ አገልጋይ እሑድ። ይህንን ያሰብኩት ያኔ ሳይሆን አሁን ስጽፍ ነው። ያኔ ያሰብኩት ሒሳቡን ብቻ ነበር። ከአንድ ወር በኋላ እኔ ለፈተና ሳጠና የማላውቀው ሰው መጥቶ ያለኝን ሁሉ ወሰደው፤ እኔም በዚያው ተውኩት። ይህ ግን ካሳ አይሆንም።

እንግዲህ ሐያሲ ልሁንና ልጠይቅ። ወዳጄ ስሜን ለምን አስቀረ? የውጊያ ዘገባው የመቺውን ስም በጉልህ ይጽፋል። በዚያው ማታ አንብቦታል። ለጨዋታው ሰዎች ቢያመለክት ያስቀጡኝ ነበር፤ አላደረገም። ከእኔ ጋር እስከ ክረምቱ ድረስ አልተነጋገርንም፤ በኋላ እንደ ዋዛ ታረቅን፤ ነገሩን ግን አንስተነው አናውቅም። የአሥራ ሁለቱን መርከብ ሁለት መቶ ማድረጉን ውሸት ስለው፣ የእኔን ስም መተዉን ምን ልበለው? ሁለቱም እውነቱን ይቀይራሉ። አንዱ ራሱን ያገዝፋል፣ ሌላው እኔን ይሸፍናል። ማስታወሻ ስንተች የተጋነነውን ለመያዝ እንፈጥናለን፤ ጸሐፊው ለማን ሲል ዝም እንዳለ ግን እምብዛም አንጠይቅም። ይህን ጉድለት በራሴ የቀድሞ ጽሑፎች ላይም አየዋለሁ።

ልጆቹ ዝናቡ ሲያባራ ሄዱ። እንደምጽፈው ነገርኩት። ስሜን እንደማወጣም ጭምር። ትከሻውን ነቀነቀ። ጽሑፉን ከመታተሙ በፊት አንብቦታል፤ ስለ መርከቦቹ ቁጥር ብቻ ተከራክሮኛል። በዚያን ዕለት ግን ሌላ ነገር ነበር የጠየቀኝ።

«አንድ ነገር ንገረኝ። እንደምመለስ የምታውቅበትን ሰዓት ከየት አገኘኸው?»

ከወረቀቱ መሆኑን ነገርኩት።

ዝም አለ። ከዚያ ኢንተርኔት ቤቱን ይጠብቅ የነበረውን ልጅ ስም ጠራ። እኔ ረስቼው ነበር። ረዘም ያለ፣ ዝምተኛ፣ ሒሳብ የሚቀበል ልጅ። ያን እሑድ ወዳጄ ዘገባውን አንብቦ የመታሁት እኔ መሆኔን ቢያውቅም፣ ሰዓቱን ያወጣው ግን ያ ልጅ ነው ብሎ ደመደመ፤ ወረቀቱን እየረሳ ሲሄድ የሚያነሳለት እሱ ነበርና። ሰው በሞላበት ተናገረው። ሌባ አለው። በሳምንቱ ልጁ ከሥራው ወጣ፤ ለምን እንደወጣ ማንም አልጠየቀም። ከአገር ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ዱባይ ነው ይባላል።

«አሥራ ስድስት ዓመት» አለ ወዳጄ። ስልኩን ከኪሱ አወጣና የጋራ የምናውቃቸውን የድሮ የሰፈር ልጆች ስም አንድ በአንድ እየፈለገ፣ ቁጥሩ ያላቸው እንደሆነ መጠየቅ ጀመረ።